ሦስት ቆርቆሮ ቅቤ

ሱሪያ የሞተችው በወለደች በአሥረኛው ቀን ነው። ያገኘቻት ጎረቤቷ ናት። ሕፃኗ ከማለዳ ጀምራ ስታለቅስ ሰምታ መጀመሪያ ቁርጠት ይዟት ይሆናል ብላ ዝም አለች፤ ኋላ ግን የእናቲቱ ድምፅ ጭራሽ አለመሰማቱ ከነከናትና በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። አራሷ ከአልጋዋ ወርዳ ወለሉ ላይ በደረቷ ተደፍታለች። ያስመለሰችው ምንጣፉ ላይ ደርቋል። አጠገቧ ግማሹ የተበላ ገንፎ ከነሳህኑ አለ፤ መሀሉ ላይ የፈሰሰው ቅቤ በነሐሴ ሙቀት ሳይረጋ እንደ ቀለጠ ነበር።

ኢንስፔክተር አማኑኤል ካርትዬ ሁለት ወደተባለው የጅቡቲ ሰፈር ሲደርስ ጠባቡ መንገድ በሰው ተሞልቶ ነበር። በወንጀል ምርመራ ክፍሉ ውስጥ በአማርኛ አፉን የፈታ እሱ ብቻ ነው። አያቱ ከምድር ባቡር ጋር መጥተው እዚሁ ቀርተዋል። ስለዚህ ሟቹ ወይም ተጠርጣሪው ከኢትዮጵያ ወገን የሆነ መዝገብ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። አግብቶ ፈቷል፤ ሥራውን ይወዳል፤ ቤተሰቡን ደግሞ ከሩቅ ይወዳል።

ወደ ቤቱ ሲገባ የተቀበለው የሞት ሽታ አልነበረም። የኮረሪማ ሽታ ነበር፤ ጥሩ አድርጎ የተነጠረ፣ ኮረሪማው የበዛበት ቅቤ። ቁርስ ሳይበላ ነው የወጣውና ሆዱ ጮኸ። ሬሳ ፊት ቆሞ መራቡ በጣም አሳፈረው።

ቅቤው የመጣበትን ዕቃ ምድጃው አጠገብ አገኘው። ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር በፕላስተር ተለጥፏል። ቆርቆሮውን፣ ሳህኑንና የዱቄቱን ከረጢት አሳሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ሕፃኗን ጎረቤቷ ታቅፋ በጡጦ ልታጠባ ትታገላለች።

"ከባሏ ጋር ንጋት ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ" አለችው ሴትዮዋ ሳይጠይቃት። "ከዚያ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ።"

ባልየው ሙሚን ይባላል፤ የኮንቴይነር መኪና ሹፌር ነው። ዶራሌ ከወደቡ በር ፊት ለፊት ከተሰለፉት መኪናዎች መሀል መሪውን እንደ ጨበጠ አገኙት። ሚስቱ መሞቷን የነገረው አማኑኤል ራሱ ነው። ሙሚን ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለ፣ ለሚቀጥለው ሹፌር ያቀብለው ይመስል እጁን በመስኮቱ ዘረጋ፤ ከዚያ እዚያው ጎማው ሥር ቁጭ አለ።

ጣቢያ ከደረሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ተናገረ፣ አንድ ነገር ሲቀር። ሱሪያን ያመጣት ከድሬዳዋ ነው። እናቷ ልታርሳት ነበረ፤ ግን የጉዞ ወረቀቷ ሳይደርስላት ቀረ። ጅቡቲ ውስጥ ሌላ ሴት ዘመድ የላቸውም። ስለዚህ ገንፎውን በየንጋቱ የሚያገነፋው ሙሚን ራሱ ነበር፤ ስልኩን ከመደርደሪያው ላይ አቁሞ፣ አማቱ ከድሬዳዋ ሆነው "አማስለው፣ ጨምር፣ እንዳይጓጉል" እያሉት።

"አንተ ለምን አልበላህም?" አለው አማኑኤል።

"የአራስ ገንፎ ልሻማት እንዴ? ወተቷ እንዲመጣ ብዬ ነው የምሠራው።"

"ንጋት ላይ በምን ተጣላችሁ?"

"አልተጣላንም።"

"ሰው ሰምቷችኋል።"

ሙሚን አንገቱን ደፋ። ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሦስቱንም ጊዜ መልሱ ያው ዝምታ ነበር። አንድ ሰው ሌላውን ሁሉ ተናግሮ አንዷን ብቻ ሲደብቅ መርማሪ የሚይዘው ያችኑ ነው። ሙሚን እዚያው አደረ።

የላቦራቶሪው ሐኪም በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወለ። ዱቄቱ ንጹሕ ነው። መርዙ ያለው ቅቤው ውስጥ ነው፤ ገበሬዎች እህላቸውን ከነቀዝ ለመጠበቅ ከሚጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ በአጋጣሚ የሚገባ መጠንም አይደለም። አለቃው ኮሚሴር ዓብዱልመጂድ ይህን ሲሰማ ነገሩ አለቀለት። ገንፎውን የሠራው ባልየው፣ ቅቤውን ያፈሰሰው ባልየው፣ ያልበላው ባልየው፣ የዋሸው ባልየው። እስከ ሐሙስ ሌላ ነገር ካልተገኘ መዝገቡ በነፍስ ግድያ ወደ ዓቃቤ ሕግ እንደሚሄድ ነገረው። ሕፃኗም እዚህ ሌላ ዘመድ ስለሌላት ያን ዕለት ወደ ማሳደጊያ ትገባለች። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

አማኑኤል ቅቤውን ማን እንዳመጣው ከሙሚን ጠይቆ ወደ ኑሪያ ሄደ።

ኑሪያን በድሬዳዋና በጅቡቲ መሀል የማያውቃት ሐበሻ የለም። በየሁለት ሳምንቱ በባቡር ትመላለሳለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማር፣ ቅቤ፣ የደረቀ ኮሰረት፣ አንዳንዴም የሚተከል የጤና አዳም ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታመጣለች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያምናታል። ሥጋ ብቻ አትነካም፤ ቋንጣ የሚያቀብላት ሰው ሲመጣ፣ የማን እርድ የማን ቤት እንደሚገባ ስትቆጥር መኖር እንደማትፈልግ ነግራ ትመልሰዋለች። ቅቤ ግን የሁሉም ነው፤ ሃይማኖት የለውም።

ፖሊስ ደጇ ሲቆም ፊቷ ተለወጠ። የሱሪያን መሞት ሰምታለች።

"ኢንስፔክተር፣ እኔን ድንበር ሊከለክሉኝ ነው?" አለችው። "አምስት ነፍስ በኔ ነው የሚያድረው።"

"እትዬ ኑሪያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ ስለ ድንበሩ ኋላ እናወራለን።"

እውነቱ ይህ ነበር። ድንበሩ ላይ ያለው ፈታሽ ሰው ለራሱ የሚበላውን ያሳልፋል፤ ከዚያ ከበለጠ ንግድ ነው፣ ወረቀት አምጪ ይላል፤ ወረቀት ከሌለ ይወረሳል። ኑሪያ ደግሞ የብዙ ቤት አደራ ነው የምትይዘው። ስለዚህ ኬላው ከመድረሱ በፊት ዕቃውን ለተሳፋሪዎች ታከፋፍላለች። ለአንዷ ማር፣ ለአንዷ ቅቤ። ፈታሹ ሲጠይቅ እያንዳንዷ "ለራሴ ነው" ትላለች። ካለፉ በኋላ ኑሪያ እየዞረች ትሰበስባለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖራለች፣ አንድ ማንኪያም ጠፍቶባት አያውቅም።

"የትኛው የማን እንደሆነ በምን ይለያሉ? ማንበብ ይችላሉ?"

"አልችልም። በክር ነው የማውቀው። የሱሪያ ቀይ፣ የባለ ግሮሰሪዋ የገበያነሽ አረንጓዴ፣ ሦስተኛው ነጭ።"

"ሦስተኛው የማን ነው?"

ኑሪያ ግራ ገብቷት አየችው። "የእናትዎ ነዋ። እህትዎ ፅዮናዊት አልነገረችዎትም? ለቁልቢ ንግሥ ሄዳ ድሬዳዋ እንደሰነበተች ሰጠችኝ። ለፍስክ ነው አለችኝ።"

አማኑኤል ስልኩን አወጣ። ከግቢው ሳይወጣ እናቱን ለምታስታምመው ለአበሩ ደወለ። አበሩ እህቱ ስትሄድ በቀን የተቀጠረች ሴት ናት። ቅቤው እንዳልተከፈተ ነገረችው። የፍልሰታ ጾም ነው፣ ማን ይከፍተዋል? ደግሞም ፅዮናዊት ሁለት ጊዜ ደውላ እሷ እስክትመጣ ማንም እንዳይነካው፣ ጾመኛ ያልሆነ እንግዳ እንኳ እንዳይቀምሰው አስጠንቅቃታለች። አማኑኤልም መጥቶ እስኪወስደው እንዳትነካው አዘዛትና ስልኩን ዘጋ። ገበያነሽም ጾመኛ ስለሆኑ የሳቸውም እንደማይከፈት ገመተ።

"ክሮቹ ከቆርቆሮው ተላቀው ያውቃሉ?" ሲል ወደ ኑሪያ ተመለሰ።

"ከክዳኑ ጋር በፕላስተር ነው የማጣብቃቸው። የዚያን ቀን ፈታሹ ጥብቅ ነበር። ሦስቱንም አስከፍቶ በረጅም ሽቦ ወጋ ወጋ አደረጋቸው፣ ውስጡ የተደበቀ ነገር እንዳለ ለማየት። እኔ በማሩ ጉዳይ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተይዤ ነበር። ከዚያ ባቡሩ ሊሄድ ነው ሲባል፣ የያዙልኝ ሴቶች እየተሯሯጡ ዘጉት።"

ይህን ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ክሩ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ሦስቱ ቆርቆሮዎች ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው።

"ውስጡን አይተው አላመሳከሩም?"

"የሰው አደራ ከፍቼ አላይም" አለች፤ ሃያ ዓመት ያኮራት ነገር ያን ዕለት አስለቀሳት።

አማኑኤል ወደ ጣቢያው ተመልሶ ሙሚንን አስጠራው። ስለ ጭቅጭቁ አልጠየቀውም። አማቱ የሚልኩት ቅቤ ምን ዓይነት እንደሆነ ብቻ ጠየቀው። ሙሚን እንባው ወረደ።

"ጥሬ ቅቤ ነው" አለ። "ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው ያለበት። ሱሪያ ገና ስትቀምሰው 'ይሄ የእናቴ አይደለም፣ ቅመም አለው፣ አልበላም' አለችኝ። እኔ አርፍጃለሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። 'ቅምጥል ሆነሻል፣ ለማን ብዬ ነው የማገነፋው' ብዬ ጮህኩባት። 'ብዪ' አልኳት። እየዋጠች እያየሁ ነው የወጣሁት።"

ይህን ነበር የደበቀው። አማኑኤል በሥራው ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቷል፤ እንደዚህ ግን አንጀቱን የበላው ትዝ አይለውም። ብዕሩን አስቀምጦ ውሃ አስመጣለት። ሰውየው ሚስቱን እንዳልገደለ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አልተጠራጠረም። ግን ለኮሚሴሩ እንባ ማስረጃ አይሆንም። ቅቤው የማን ቤት ቅቤ እንደነበር ማግኘት አለበት።

የእናቱ ቤት ለጣቢያው ይቀርብ ነበር። አማኑኤል ግን በማግስቱ መጀመሪያ የሄደው ወደ ገበያነሽ ነው። ለራሱ የሰጠው ምክንያት፣ የእናቱ ቆርቆሮ በአበሩ እጅ ስላለ አይጠፋም የሚል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። እናቱ ቤት ሲሄድ ሁልጊዜ ሰዓቱን እያየ ነው የሚቀመጠው።

ወይዘሮ ገበያነሽ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ትንሽ ግሮሰሪ አላቸው። ባላቸው በሞቱ ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ተመለሺ ሲሏቸው እንቢ ያሉ፣ አፋቸው ስለታም ሴት ናቸው። ቆርቆሮውን ከማቀዝቀዣ አውጥተው አረንጓዴ ክር ያለበትን ክዳን ሲያነሱት ነጭ፣ ለስላሳ ጥሬ ቅቤ ታየ፤ ፊቱ ላይ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበታል።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው? እኔ አራስ ነኝ?" አሉ። "ወንድሜ እንዲህ ይቀልድብኛል! የአባታችንን ቤት ለብቻው ሊውጥ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ሲያመላልሰኝ ሰነበተ። አሁን ዕርቅ ነው ብሎ ቅቤ ላኩልሽ አለ። ዕርቁ ይሄ ነው?"

አማኑኤል ብዕሩን አወጣ። የሱሪያ ቅቤ እዚህ ከሆነ፣ የገበያነሽ ቅቤ ሱሪያ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ላኪው ከእህቱ ጋር በውርስ የሚካሰስ ወንድም ነው። ነገሩ ራሱን በራሱ ጻፈ። ወደ ጣቢያው ተመልሶ ሲያስረዳ ኮሚሴር ዓብዱልመጂድ በጥሞና ሰማውና ለድሬዳዋ ፖሊስ የሚላክ ደብዳቤ እንዲያረቅ ነገረው። ሙሚን ግን መልስ እስኪመጣ አይለቀቅም። መልሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ደብዳቤውን ግማሽ አድርሶ እጁ ቆመ። ገበያነሽ ሲሸኙት የተናገሩት ነገር መጣበት። ያን ሁሉ እርግማን ካዥጎደጎዱ በኋላ፣ የወንድማቸውን ሚስት ግን አይወቅሷትም፤ ባለሙያ ናት፤ እሳቸው ጨጓራቸውን ስለሚያማቸው ኮረሪማ እንደማይስማማቸው አውቃ በኮሰረት ብቻ ታነጥርላቸዋለች።

ሱሪያ ቤት የሸተተው ኮረሪማ ነበር።

አማኑኤል ስልኩን አንስቶ ደወለላቸው። አዎ፣ በአሥራ አምስት ዓመት አንድም ቀን ኮረሪማ አስገብታባቸው አታውቅም። ስልኩን ዘግቶ ጥቂት ተቀመጠ። ከዚያ ኮቱን ሳያነሳ ወጣ።

እናቱን ወይዘሮ ወለተማርያምን ስትሮክ ከመታቸው ዘጠኝ... አይደለም፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አማኑኤል ደረጃውን ሲወጣ ቆጥሮ ራሱን አረመ። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። አእምሯቸው አንዳንድ ቀን አለ፣ ብዙውን ቀን የለም። ሲመታቸው ፅዮናዊት ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፣ ቀለበት አድርጋ ነበር። ለጊዜው ብላ ሠርጉን አዘገየችው። ልጁ ሁለት ዓመት ጠብቆ ሌላ አገባ። ለማየት የሚመጡ ነርሶች በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እናትየው ጀርባ ላይ አንዲት ቁስል አለመውጣቷን እያደነቁ ይሄዳሉ። አማኑኤልም ይህን ለሰው ሲያወራ እንደ ራሱ ሥራ ይኮራበት ነበር።

አበሩ ነጭ ክር ያለበትን ቆርቆሮ ከቁምሳጥኑ አውጥታ ሰጠችው። ከፈተው። የተነጠረ ቢጫ ቅቤ ነው። አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው። ኮሰረት ብቻ።

ይሄ የገበያነሽ ነው። የሱሪያ ገበያነሽ ቤት ገብቷል። ሱሪያ ቤት የገባው እንግዲህ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ እዚህ ቤት መምጣት የነበረበት፣ ፅዮናዊት ያነጠረችው። ኮረሪማ አብዝተው የሚያነጥሩት እናቱ ነበሩ፤ ፅዮናዊት ከሳቸው ነው የተማረችው። ሬሳ ፊት ቆሞ የራበው የእናቱን ቤት ሽታ አሽትቶ ኖሯል።

አበሩ ገበያ ልትወጣ ነጠላዋን ስትፈልግ ነበር። ከወጣች በኋላ አማኑኤል ቆርቆሮውን እንደያዘ ቆመ። ይህን የሚያውቅ ከእሱ በቀር ሰው የለም። ቅቤውን ቢደፋው፣ ቆርቆሮውን ቢያጥበው፣ ግማሽ የደረሰ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አለ። ድሬዳዋ ያለው የገበያነሽ ወንድም ማስረጃ ስለማይገኝበት ነገ ይለቀቅ ይሆናል። ወይም ሙሚን ይፈረድበት ይሆናል፤ ስንቱ መዝገብ ነው ውሃ የበላው! ይህን ሁሉ አሰበ። እንዳያስብ የሚከለክለው ሕግ የለም። ከዚያ ያቺ የጡጦ ጫፍ አልይዝም ብላ ስትጮህ የነበረች ሕፃን ትዝ አለችው፤ እናቷን የነጠቃት የእሱ ቤት ነው። አባቷን ደግሞ እሱ በገዛ እጁ ሊነጥቃት አልቻለም። ቆርቆሮውን ዘግቶ በፌስታል ያዘና ወደ ኮሚሴሩ ሄደ።

ዓብዱልመጂድ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ሰማው። ከዚያ መዝገቡን ከእጁ ተቀበለው። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የሌላ መርማሪ መሆኑን፣ ፅዮናዊት በነሐሴ አሥራ አራት ባቡር ስትመጣ ግን መጀመሪያ እንዲያነጋግራት እንደሚፈቅድለት ነገረው። ማሳደጊያውንም ለጊዜው አስቆመው። በፈረንሳይኛ ያልተለመደ ለስላሳ ነገር ጨመረበት፤ አማኑኤል ግን ምን እንደሆነ አልሰማውም።

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ናጋድ ባቡር ጣቢያ ተሳፋሪው ሁሉ ተሸክሞ ወረደ። ካርቶን፣ ማዳበሪያ፣ ባልዲ፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ ሳይቀር። ፍስክ በሁለት ቀን ነው። ፅዮናዊት ከመጨረሻዎቹ ጋር ወረደች፤ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዛለች። አማኑኤል ከድሬዳዋ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው አይቶ አያውቅም። ሁለቱ ፖሊሶች እንደታዘዙት ራቅ ብለው ቆሙ።

ስታየው አልደነገጠችም። ግን ቆመች።

"እማዬ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ መጣህ? ተቀብለኸኝ አታውቅም።"

"ቅቤው ሌላ ሰው ቤት ገባ፣ ፅዮን።"

ከአጠገቧ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።

"ማን ቤት?"

"አንዲት አራስ። ሱሪያ ትባል ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።"

"ሕፃኑስ?"

"ሴት ናት። ተርፋለች።"

ሰው እየተጋፋ አለፈ። አማኑኤል የመርማሪ ጥያቄዎች ሁሉ ጠፍተውት የወንድም ጥያቄ ብቻ ቀረው።

"እናታችን ናት እኮ። እንዴት ጨከንሽ?"

"ለእሷ ብቻ መስሎሃል?" አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። "ከቅዳሴ መልስ አብረን ልንበላው ነበር። አንድ ጉርሻ ለእሷ፣ አንድ ጉርሻ ለእኔ። እሷን ጥዬ ብሄድ ማን ያነሳታል? እኔን ጥላኝ ብትሄድ ደግሞ የት እገባለሁ? ጾሙን ሳንገድፍ ጨርሰን ልንሄድ አስቤ ነበር። ቁልቢ ሄጄ ይቅር በለኝ አልኩት አስቀድሜ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሃለሁ። በፋሲካ። 'አማኑ፣ ደክሞኛል፣ ከእንግዲህ አልችልም' አልኩህ። አንተ 'አይዞሽ' አልክና ብር ላክህ።"

አስታወሰው። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ መዝገብ እያገላበጠ ነበር የሰማት።

"አባቷ አለ? የሕፃኗ?" ብላ ጠየቀች።

"አለ። አንቺ ያለሽውን ለእነሱ ደግመሽ ስትነግሪያቸው ይለቀቃል።"

"እንግዲያው ቶሎ እንሂድ" አለችና ተነሳች። ፖሊሶቹ ሲጠጉ እጇን ራሷ ዘረጋች።

ሙሚን በዚያው ከሰዓት ተለቀቀ። ጎረቤቷ ሕፃኗን ይዛ ከደጅ ጠብቃዋለች። ልጅቷን ተቀብሎ አንገቷን እንዴት እንደሚደግፍ ግራ ሲገባው፣ ሴትየዋ እጁን አስተካከለችለት። አማኑኤል ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየው እንጂ ሊሻገር አልደፈረም። ምን ይለዋል? ይቅርታ እንኳ ቤት ይፈልጋል፤ የሚያርፍበት። ኑሪያም ድንበሩን ተከለከለች። ሙሚን ቤት ስታለቅስ ከርማ ሕፃኗን ለማጠብ በየጠዋቱ እንደምትሄድ ኋላ ሰማ።

አበሩ ወሬውን ከሰማች በኋላ አልተመለሰችም። ሌላ ሰው እስኪገኝ አማኑኤል ፈቃድ ወስዶ እናቱ ቤት ገባ። በፍልሰታ ፍቺ ጎረቤቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንቁላል ጠብሰው አመጡላቸው። ዓይኑን ሳያዩት አስቀምጠው ወጡ። እናቱ ከእሱ እጅ አልጎርስም ብለው ጥርሳቸውን ገጠሙ።

"ፅዮን የት ሄደች?"

"ቁልቢ።"

"አልተመለሰችም?"

"ገና ነው፣ እማዬ።"

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያንኑ ጠየቁ። ማታም፣ በማግስቱም፣ ለሽንት ሲያነሳቸውም፣ ሊያጥባቸው ሲሞክር እያፈሩ ልብሳቸውን ሲጎትቱበትም ያንኑ ጠየቁ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት አንሶላውን ለሦስተኛ ጊዜ ቀየረ። ገና አዲሱን ከማንጠፉ አበላሹት። ቀና ብለው አዩትና ፅዮን የት ሄደች አሉ። አማኑኤል ከአልጋው በላይ ትራሱን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደቆመ ራሱን አገኘው። ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም። እናቱ በዚያች ደህና ዓይናቸው ዝም ብለው ያዩታል። ትራሱን ወለሉ ላይ ወርውሮ ወደ ጓሮ ሮጠ።

ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። በእህቱ ላይ ያለው ቁጣ አልለቀቀውም፤ የሱሪያ ነገርም አይለቀውም። ግን አራት ቀን ነው የቆየው። አራት ቀን። እሷ አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ግድግዳ ጋር ስትነጋገር፣ እሱ ከዚህ እስከ ምኒልክ አደባባይ የሚያስኬደውን ያህል መንገድ እንኳ መጥቶ ተራ አልያዘላትም። ሌላኛው መርማሪ የወንጀሉ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ ምን እንደሚጽፍ ያውቃል፤ የእሱ ስም ግን እዚያ መስመር ላይ አይገባም።

ከውስጥ እናቱ ተጣሩ። የጠሩት በእሱ ስም አልነበረም፤ በእህቱ ስም ነው።

"መጣሁ" አለና ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ገባ።